አባወራን ያለ ስሙ ስለ መፈለግ

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት እህል ስበላ ኖሬ የአክስቴን ባል ስም እንደማላውቅ ያወቅሁት ያን ነሐሴ ነው።

አትሳቁብኝ። እስቲ እናንተም ቆም በሉና አስቡ፤ የአክስታችሁ ባል መታወቂያው ላይ ማን ተብሎ ነው የተጻፈው? «አያ» ነው፣ «ጋሼ» ነው፣ «አባባ» ነው። ከዚያ አልፎ ማን ጠይቆ ያውቃል? እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው መጠሪያ እንጂ ስም የለውም። ስሙ ያለው ቀበሌ ነው። ቀበሌው ደግሞ ያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር።

መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት አለኝ። ንብረቴ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ወረቀት የሚያኝክ አንድ ፕሪንተርና መብራት ሲሄድ «ደኅና ሁኚ» እንኳ ሳይለኝ ድርግም የሚል አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የተማርኩት ሰው «ኮፒ አድርጊልኝ» ብሎ ካመጣው ወረቀት ነው። ኮፒ ቤት ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚያስመርቀው አለመኖሩ ነው። ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ውርስ ሕግ፣ ስለ ንብ እርባታ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ንብ ግን የለኝም።

ሲ የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ወልድያ የምትማር አንዲት ልጅ ወደ ቤተሰቦቿ ስታልፍ የትራስ ያህል የወፈረ ማስተማሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለችኝ። በነጋታው የመጣው የመጀመሪያው ዙር ጦርነት ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ወራት አልፈው ስትቀር ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አንብቤ ያልገባኝን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝን ኮፒ አድርጌ አነባለሁ፤ ኮፒው ይገባኝ ይመስል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ፕሮግራም ሲጠራ ከስሙ ቀጥሎ አብረው ስለሚነገሩት ቃሎች ነው። እንዳትፈሩ፤ ነገሩ ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ነው። እህሉን መያዝ ግዴታ ነው፤ ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ የለም። «አድቅልኝ» ወይም «ለቅንጬ ነውና ሸርከት አድርገው» ማለት ግን በፈቃድ ነው። ዝም ካላችሁት ባለ ወፍጮው በልማዱ ይፈጨዋል። ፕሮግራምም እንደዚሁ የግዴታ ቃል አለው፣ የፈቃድ ቃል አለው፤ የፈቃዱ ካልተነገረው ደግሞ ጸሐፊው ያስለመደውን ይሠራል። ዝም የተባለ ወፍጮ በልማዱ ይፈጫል። ይህን ተረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተፈጨሁበትም እኔ ነኝ።

የምዕራፉ ማብቂያ ላይ «ከሁሉ አስቀድመው የሚከተለውን ማረጋገጥ አይዘንጉ» ይላል። የሚከተለው ገጽ ነጭ ነው። ኮፒ ሲደረግ ቶነር አልቆበት ነው። «ይህን የመሰለ ቀሽም ባለሙያ ማን ነው?» እያልኩ ወደ ሽፋኑ ብመለስ ከጀርባው የራሴ ኮፒ ቤት ማኅተም አለበት።

እንግዲህ ጦርነቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኛ ሲያዘነብል የቆቦና የወልድያ ሰው በእግሩ፣ በአይሱዙ፣ በአህያ ወደ መርሳ ፈሰሰ። ትምህርት ቤቱ በክረምት ዕረፍቱ በቤተሰብ ሞላ፤ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ሦስት ቤት ጎረቤት ሆኖ ያድራል። ገሚሱ ሰው ደግሞ በአቋራጭ ግራና ወደምትባል ጎረቤት ከተማ ወጣ። በመንገድ ላይ እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ተለያየ። የከተማው ሥራ ሁሉ መፈላለግ ሆነ።

መዝጋቢው ጋሽ ዘውዱ ነበሩ። ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ይዘው የኖሩ፣ ራሳቸውም ተፈናቅለው የመጡ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ሲወጡ የያዙት አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ማስመሪያ ነው። በዚያ ማስመሪያ ደብተር አስምረው የሰውን ሁሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበትን ቦታና በመጨረሻም «ምርመራ» የሚል የማስታወሻ ዓምድ አበጁ። ሰማይ ቢወድቅ ጋሽ ዘውዱ ምርመራ የሚለውን ዓምድ ባዶ አይተዉም።

ደብተሩን ይዘው መጡና «ይህን ኤክሴል ላይ ጻፊው። ሰው ሲጠይቅሽ መፈለጊያውን ተጭነሽ ትነግሪዋለሽ» አሉኝ።

ጤነኛ ሰው «እሺ» ይላል። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሲ ተምሬ የማሳየው ሰው አጥቼ የከረምኩ ሴት ነኝ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ፕሮግራም እጽፋለሁ» አልኩ።

«ምን ይጨምራል?»

«ፍጥነት።»

«በስንት ቀን ይደርሳል?»

«በሁለት ቀን።»

«ኤክሴሉስ?»

‹አሁን› ማለት ከበደኝና ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጋሽ ዘውዱ ዝም አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝምታ ደግሞ ከደብዳቤ ይብሳል።

ፕሮግራሜን «ፈልግ» አልኩት። የፕሮግራሙን ስም ትጽፋላችሁ፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን ሰው ስም ትጽፋላችሁ፤ ካለ «አለ» ይላል፣ ከሌለ «የለም» ይላል። መጀመሪያ ቀን «መሐመድ» ብዬ ብጠይቀው ስክሪኑ እንደ መርሳ ወንዝ ሞልቶ ፈሰሰ። ስለዚህ የአባት ስም ጨመርኩ፣ የአያት ስም ጨመርኩ፣ ዕድሜ ጨመርኩ፤ ሁሉንም በፈቃድ፣ ሁሉንም በተራ። ተራው ግን ጉድ ሠራኝ። አንዷ የአያቱን ስም የማታውቀውን ዘመዷን በዕድሜ ፈልጊልኝ ብትለኝ፣ ስልሳን በአያቱ ቦታ ጻፍኩትና ፕሮግራሙ አያቱ «ስልሳ» የሚባል ሰው ሲፈልግ ዋለ። በእኛ በሀብሩ ወረዳ ልጁን ስልሳ ብሎ የሰየመ የለም።

ከዚያ ምልክት አበጀሁለት። ሰረዝና «ኤስ» ካልኩት ቀጥሎ ያለው ስም ነው፤ ሰረዝና «ኢ» ካልኩት ዕድሜ ነው፤ ሰረዝና «ቢ» ካልኩት ቦታ ነው፣ መርሳ ወይም ግራና። የግራናው ደብተር የመጣው በማግስቱ ስለነበር እሱን ለብቻው ጻፍኩት። ምርመራ የሚለውን ዓምድ ግን ዘለልኩት። ማን ስለ ሰው ብርድ ልብስና ስለ ሰው ሳል ያነባል ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮፒ ቤቴ በር ላይ ወረፋ ቆመ። እኔ እንደ ዳኛ ተሰይሜ «አለ»፣ «የለም» እላለሁ። «የለም»ው ይበዛ ነበር። ከልቤ አዝንላቸዋለሁ፤ ግን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ፕሮግራሙ ሳይበላሽ በመዋሉም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። አላህም እግዜርም ያዩኝ ነበር።

አክስቴ ዘይነባ በዚያን ቀን ደረሱ። የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ከወልድያ ወዲያ ካለ ገጠር በእግራቸው መጡ። አብረው ወጥተው፣ መንገድ ላይ አያ «ላሟን ሳልፈታት መጣሁ» ብለው ተመለሱ። አያ ማለት ባላቸው ናቸው። እነሆ ዘጠኝ ቀን። ላሟም የለች፣ አያም የሉ።

«አይዞዎት አክስቴ፤ ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ» አልኩ፣ ጣቶቼን እያፍታታሁ።

«የማንን?»

«የአያን።»

«አያ ነዋ።»

«መዝገብ ላይ የሚጻፈውን ነው።»

አክስቴ ዘወር ብለው ወረፋውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ፣ አባወራሽን በስሙ ጥሪ ነው የምትዪኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አርባ ዓመት ያልጠራሁትን ዛሬ መንገድ ላይ? አዑዙ ቢላህ!»

«እኔ አይደለሁም እኮ፤ ኮምፒዩተሩ ነው የሚጠይቀው።»

«ለሱማ ጭራሽ! ዘመዱን የማላውቀውን!»

«እንግዲያው በጆሮዬ ሹክ ይበሉኝ።»

«ጆሮሽ የሰው ጆሮ አይደለም?»

በአክስቴ አገር ደግ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ለራሱ «አንቱ» ትለዋለች፣ ለጎረቤት «እሱ» ትለዋለች፣ ለእንግዳ «አባወራዬ» ትለዋለች። ልጅ ቢኖራቸው የልጁ ሁለተኛ ስም ጉዱን ያወጣልን ነበር። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። የአያን ስም ከስሙ ኋላ ተሸክሞ የሚዞር ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እናቴን ልጠይቅ ብል ደሴ ናት፤ ኔትወርኩም ከጠፋ ሰንብቷል። ብትገኝም እሷም «አያ» ነው የምትላቸው።

ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። «እንግዲያው ያለ ስም ልጥራው» ብዬ «ፈልግ» የሚለውን ብቻ ጽፌ ተጫንኩት።

ፕሮግራሙ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ተናግሮ ድርቅ አለ።

«ምን አለሽ?» አሉ አክስቴ።

«ሞተ» አልኩ።

የዛሬ ወሬዬ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ላይ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አክስቴ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ያ ረቢ!» ብለው ቁጭ አሉ። ወረፋው ግማሹ «ኢና ሊላሂ» አለ፤ ግማሹ «ነፍስ ይማር» አለ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች።

«ኧረ ፕሮግራሙ ነው የሞተው! ፕሮግራሙ!»

የምታለቅሰዋ ቀና አለች። «ፕሮግራሙ የማን ልጅ ነው?»

አክስቴን ውኃ አጠጥቼ ወረፋውን ለነገ ቀጥሬ ከላፕቶፔ ጋር ተፋጠጥኩ። ለካ ፕሮግራሜ የግዴታ ቃሉ መጥቶ እንደሆን ሳይጠይቅ እጁን ይሰድዳል። የለመደው ቦታ ላይ ምንም ሲያጣ ደንግጦ ይሞታል። ሳህኑ መቅረቡን ሳያዩ እጅ እንደ መስደድ ነው። ያ ነጩ ገጽ ላይ የነበረው ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ስንት ቃል እንደመጣ ቁጠሪ፣ ከዚያ ንኪ። ዓመት ሙሉ የተማርኩት ፕሮግራም ላይ፣ ያልተማርኩት አንድ ገጽ ሰው ገደለብኝ ማለት ነው።

አስተካከልኩት። ስምን ራሱን በፈቃድ አደረግሁት። የትኛው ፈረንጅ ነው ሰውን ያለ ስሙ የሚፈልግ ፕሮግራም የጻፈ? እኔ ግን ጻፍኩ፤ አክስቴ ዘይነባን የመሰለ አሠሪ ስላለኝ።

በነጋታው አክስቴን ከፊት አስቀመጥኳቸው። ዘዴ አግኝቻለሁ። ስም መጥራት አይችሉም እንጂ መስማት ማን ከለከላቸው?

«አያ ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ስልሳ አምስትም ይሆናል፣ ሰባም ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም።»

ዕድሜ ብቻ ሰጥቼ ስልሳና ከዚያ በላይ የሆነውን ወንድ ሁሉ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ስሞቹ ተደረደሩ። አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አክስቴ «አይደለም» ይላሉ፤ እኔ ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን አያለሁ። ወረፋው ጉዳዩን ረስቶ ጨዋታው ውስጥ ገባ።

«ይኼኛው ነው! ዐይናቸው ተርገበገበ!» ይላል አንዱ።

«ዝንብ ነው ያረፈባቸው» ትላለች ሌላዋ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይንገሩን!»

«ፊደል ብቆጥርማ እዚህ ምን እሠራ ነበር!» አሉ አክስቴ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ስሞቹ ግን አለቁ። የመጨረሻውን ስም አንብቤ ቀና ስል አክስቴ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ተዉት አልኩት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ላም ለምናችን ነው አልኩት። እሷም ነፍስ ናት አለኝ።»

«አክስቴ...»

«የለም በይ እንጂ ልጄ። ለሌላው እንዳልሽው።»

ለሌላው በቀላሉ የወጣች ቃል ለራሴ ሰው ስትሆን ከበደች። እንደምንም «የለም» አልኩ። አክስቴ ወደ ቤቴ ሄደው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ፤ የጸሎት መቁጠሪያቸውን ሙሰባሃቸውን ይቆጥራሉ። ምግብ አቅርቤ ብመለስ እንዳቀረብኩት አገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘውዱ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። የተጨመሩ የግራና ስሞች ይዘው ነው።

«ያ ፍጥነት ያለው ነገር እንዴት ነው?»

«ይሠራል፤ ብዙ ሰው ግን የለም እያለ ነው» አልኩ፣ ጥፋቱ የሰዉ ይመስል።

«መዝገብ ከመታመኑ በፊት የታወቀ ሰው ይጠየቃል። እስቲ እኅቴን ዘነበችን ፈልጊልኝ።»

«ጠፍታለች እንዴ?»

«አልጠፋችም። ግራና በገዛ እጄ መዝግቤያታለሁ። ለዚህ ነው እሷን ፈልጊ የምልሽ።»

ጻፍኩ። ተጫንኩ። «የለም።»

ጋሽ ዘውዱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ትናንት ሻይ አጠጥታኛለች» አሉ።

የጻፍኩትን ከላይ ወደ ታች ስወርድ፣ መሐል ላይ በገዛ እጄ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፤ ቦታ ካልተነገረህ መርሳ ውስጥ ፈልግ ትላለች። የግራና ደብተር ሳይመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ያስለመድኩት ነው። መርሳ ተወልዶ መርሳ ያደገ ሰው ዓለም ሁሉ መርሳ ይመስለዋል።

ቦታ የነገረኝ ደግሞ ማንም አልነበረም። የጠፋ ሰው የት እንዳለ ቢታወቅማ ማን ይፈልገዋል? ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ወረፋ ለቆመው ሁሉ፣ ግራናን ዞር ብሎ ሳያይ «የለም» ሲል ኖሯል። ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። ዝም ተባለ፣ በልማዱ ፈጨ። የፈጨው ግን የሰው ሆድ ነው።

«ኤክሴል...» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

«ይተዉኝ ጋሽ ዘውዱ።»

«ምንም አላልኩም። ኤክሴል ብቻ ነው ያልኩት።»

አስተካከልኩት፤ ያልተነገረ ቦታ ማለት ሁሉም ቦታ ማለት ነው። ሁለት መስመር ናት፤ እየቸኮልኩ ስለምሳሳት አራት ጊዜ ጻፍኳት። ግን «የለም» ያልኳቸውን ሰዎች ከየት ልሰብስብ? ወደ መናኸሪያው ሮጬ ሙሄን ያዝኩት። ሙሄ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የነጋዴ ዕቃ ያስተዋውቃል።

«ከተማውን ዙርልኝ። ‹የለም የተባላችሁ እንደገና ኑ› በል።»

«የለም ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እሱንም ልጨምር?»

«አትጨምር።»

ጨመረ። መርሳ ላይ ከታች እስከ ላይ «ኮፒ ቤቷ ተሳስታለች! በገዛ አንደበቷ አምናለች! የለም የተባለ ሁሉ ኖሮ ሊሆን ይችላል!» እያለ በዝናብ ዞረ። የነጋዴ ዕቃ እንኳ እንደዚያ ከልቡ አስተዋውቆ አያውቅም። እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ «ተሳስታለች መጣች» የሚሉኝ አሉ፤ አቤት እላለሁ።

ሰዉ እየሮጠ መጣ። እኔም ከጠረጴዛው ተነሥቼ ቆሜ ነው የፈለግሁላቸው፤ መቀመጥ አፈርኩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለፕሮግራሙ ያለቀሰችው ሴት ሁለት ጊዜ «የለም» ያልኳትን ታናሽ እኅቷን አገኘች። መጀመሪያ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ቡጢውም መሳሙም ይገባኝ ነበር።

አክስቴን ከቤት ጎትቼ አመጣኋቸው።

«የለም ብለሽኝ የለም እንዴ?» አሉ። «አሁን ደግሞ ምን ልትዪኝ ነው?»

«የግራናን ሰው ሳልጠይቅ ነው የለም ያልኩት። ይማሩኝ አክስቴ። ይስሙ ብቻ።»

ወረፋው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛው፣ አይደለም። ሁለተኛው፣ አይደለም። ሦስተኛው የጎረቤታቸው ወንድም ሆነ፤ «እሱም ወጥቷል? አልሐምዱሊላህ» አሉ። አራተኛው፣ አይደለም። አምስተኛውን ስም ጮክ ብዬ ከነአባቱ ስጠራ አክስቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ስበው ፊታቸውን ጥርግ አድርገው ሸፈኑ።

ከነጠላው ውስጥ «ኧረ ቀስ በይ!» የሚል ድምፅ ወጣ። «ሰው ይሰማል!»

እልልታው መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። ስሙን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ አንባቢዎቼ ይቅር በሉኝ። አንድ ሰው ይህን ለአክስቴ ቢያነብላቸው ምን ይውጠኛል?

ጋሽ ዘውዱ የግራናውን ደብተር ገልጠው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱና ምርመራ የሚለው ዓምድ ላይ አቆሙ። ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አንድ ላም ይዘው የመጡ። ላሟን ትቼ ክፍል ውስጥ አላድርም ብለው በረንዳ ላይ የሚያድሩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ዓምድ ለምን ነበር የዘለልሽው?»

ደብተሩን ተቀብዬ ዓምዱን ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ።

በማግስቱ ሙሄ ባጃጁን አስነሥቶ ግራና ወጣ፤ በነፃ። ብቻውን ተመለሰ።

«የታሉ?» አልነው።

«በእግራቸው እየመጡ ነው። ላሟ ባጃጅ አትገባም፤ እሳቸው ያለ ላሟ አይገቡም። ግማሽ ቀን ነው የለመንኳቸው።»

ቀትር ካለፈ በኋላ ላሟ ቀድማ በአስፋልቱ ብቅ አለች። አያ ከኋላዋ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው። አክስቴ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ቆመዋል። እኔ እንባዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«አንቺ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» አሉ አያ።

«አንቱስ?» አሉ አክስቴ።

«ላሟ እግሯን ወጋት።»

«አሁንስ?»

«ደኅና ናት።»

አለቀ። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ይኸው ነው። ከዚያ አክስቴ ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የአያን እግር ጭቃ መጥረግ ሲጀምሩ ያዘጋጀሁት እንባ ሳልጠራው መጣ።

አያ ውኃ ጠጥተው ከተረጋጉ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «በምን አገኛችሁኝ?»

«በኮምፒዩተር።»

«በስሜ ጠራችኝ እንዴ?» ወደ አክስቴ በአገጫቸው ጠቆሙ፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሥጋት አየሁ።

«ኧረ በጭራሽ። እኔ ስጠራ ፊታቸውን ሸፈኑ።»

አያ ቀና አሉ፤ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እንደሱ ነው እንጂ!» አሉ፣ ከግራና እስከ መርሳ የደከሙት ድካም በአንዴ የለቀቃቸው መሰለኝ።

እኔም እንደዚያው ነው የለቀቀኝ። ያን ዕለት በሬን ዘግቼ ከላፕቶፔ አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሼን አወጣሁ። ፕሮግራሜ አሁን በስም ይፈልጋል፣ ያለ ስም ይፈልጋል፣ ቦታ ቢነገረው እዚያ፣ ባይነገረው ሁሉም ቦታ ይፈልጋል፤ ምንም ሳይነገረው ሲቀር «ማንን ልፈልግልዎ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይሞትም። ምርመራ የሚለውንም ዓምድ ጨመርኩለት። እሱን ስተይብ የሰው ሁሉ ጓዝ አለፈብኝ፤ ከብርድ ልብስ ይልቅ ጣውንት ይዛ የወጣች፣ የመስጊዱን ቁልፍ ይዞ የሸሸ፣ ዶሮዋን በጉያዋ ይዛ ያደረች። ሰው ከስሙ ይልቅ የሚገኘው እዚያ ዓምድ ውስጥ ነው።

ነጩን ገጽም ሞላሁት። ከጋሽ ዘውዱ ማስመሪያቸውን ተዋስኩና አስምሬ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፦ «ከመንካትሽ በፊት መምጣቱን አረጋግጪ። ዝም ስትባዪ ምን እንደምትሠሪ አስቀድመሽ እወቂ። የምታውቂውን ሰው ጠይቀሽ ፈትኚ።» ልጅቷ ማስተማሪያዋን ለመውሰድ ስትመጣ ሙሉ ሆኖ ታገኘዋለች።

መንገዱ ሲከፈት አክስቴና አያ ላሟን ነድተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በመኸሩ ማብቂያ ገደማ፣ በገበያ ቀን፣ አክስቴ ብቻቸውን ወደ መርሳ መጡና ኮፒ ቤቴ ገቡ። ከላሟ የተገኘ አንድ ቅል ቅቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አዩና «ያን ፊቴን የሸፈንኩበትን ጻፊልኝ» አሉኝ። በትልልቅ ፊደል ከነአባቱ ከነአያቱ ጽፌ አትሜ ሰጠኋቸው። «ሌላ ሰው ባሳየው በደንብ ይነበባል?» አሉ። «ይነበባል» አልኳቸው። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩትና ወደ መናኸሪያው ሄዱ።